የካሚዮን ነጂ ጠባይ ለነጋዴው ምን ያህል ያገባዋል?

ከጅቡቲ ወደብ የተነሣ ዕቃ አዲስ አበባ እስኪደርስ ድረስ 900 ኪሎ ሜትር ያህል በመንገድ ይጓዛል። ነጋዴው ስለ ግዢው ዋጋ፣ ስለ ቀረጡና ስለ መጋዘኑ ብዙ ያስባል፤ ነገር ግን ንብረቱ በዚህ ሁሉ ጉዞ ላይ በአንድ ሰው ጠባይ ሥር መሆኑን እምብዛም ልብ አይለውም። ያ ሰው የካሚዮኑ ነጂ ነው።

የጉዞው አስቸጋሪ ክፍል የሚጀምረው መንገዱ ሊያልቅ ሲቃረብ፣ ይኸውም በአቃቂ ቃሊቲ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ለአገልግሎት የተከፈተው የአዳማ የፍጥነት መንገድ 85 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ሲሆን፣ በአዲስ አበባ በኩል የሚያበቃው በቱሉ ዲምቱ ነው። በፍጥነት መንገዱ ላይ እግረኛና ጋሪ እንዲገባ አይፈቀድም። ከክፍያው በር ወጥቶ ወደ አቃቂና ወደ ቃሊቲ ጉምሩክ የሚያመራ ነጂ ግን ወደ ፋብሪካ የሚሄደውን ሠራተኛ፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሰውን ልጅና ታክሲ የሚጠብቀውን ሕዝብ ያገኛል።

በዚህ ስፍራ የሰው ስሜት ያታልላል። ለረጅም ጊዜ በፍጥነት የነዳ ሰው ፍጥነቱን በቀነሰ ጊዜ ከእውነተኛው ይልቅ በዝግታ የሚሄድ ይመስለዋል። ስለዚህ ብልህ ነጂ ስሜቱን ሳይሆን የፍጥነት መለኪያውን ያምናል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በአንዲት ሴኮንድ 17 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ነጂው አደጋውን አይቶ እግሩን ወደ ፍሬን እስኪያደርስ ድረስ ይህ ርቀት አልፏል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ደግሞ የግጭቱ ኀይል አራት እጥፍ ይሆናል።

ሁለተኛው ጠላት ድካም ነው። በጥናት እንደ ተረጋገጠው፣ 17 ሰዓት ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው ንቃቱ የሚደክመው፣ በብዙ አገሮች ለነጂ በሕግ የተከለከለውን ያህል መጠጥ እንደ ጠጣ ሰው ነው። ጫት እንቅልፍን ያዘገይ ይሆናል እንጂ ድካምን አያጠፋም። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች የጭነት መኪና ነጂ 4 ሰዓት ተኩል ከነዳ በኋላ 45 ደቂቃ እንዲያርፍ በሕግ የሚገደደው ስለዚህ ነው።

ሆኖም ጥፋቱን ሁሉ በነጂው ላይ መጣል ፍርድ ማጓደል ይሆናል። ነጂውን በየሰዓቱ በስልክ «የት ደረስህ?» እያለ የሚያስቸኩለው ማን ነው? ክፍያውን በምልልስ ብዛት ብቻ የሚቈርጠውስ ማን ነው? እንዲህ ያለ ትእዛዝ በነጂው ጠባይ ላይ ታትሞ ይቀራል፤ መሪውን የያዘው እርሱ ቢሆንም የሚያስቸኩለው ባለዕቃው ነው።

የችኮላውን ትርፍ እናስላ። 10 ኪሎ ሜትር የከተማ መንገድ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው 10 ደቂቃ፣ በ40 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ 15 ደቂቃ ይፈጃል። የተገኘው 5 ደቂቃ ብቻ ነው። ለዚህ 5 ደቂቃ ሲባል በአንጻሩ የሚቀርበው መያዣ የሰው ነፍስ ነው። ከዚያም በኋላ የተሰበረ ዕቃ፣ የቆመ ካሚዮንና የፍርድ ቤት ምልልስ ይከተላል።

ሕጉም ባለመኪናውን አይዘነጋውም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 እንደሚደነግገው፣ ባለሞተር ተሽከርካሪ ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱ ኀላፊ ነው፤ «እኔ አላጠፋሁም» በማለት ብቻ ነጻ አይወጣም። የሦስተኛ ወገን መድን መግባት ግዴታ ቢሆንም የሚከፍለው ካሣ ወሰን አለው፤ ደግሞም የተጫነውን ዕቃ ለመጠበቅ ሌላ የመድን ውል ያስፈልጋል።

እንግዲህ አስመጪና ላኪ፣ እንዲሁም ባለመደብር ሁሉ ይህን ቢያደርግ ይጠቀማል። አንደኛ፣ በማጓጓዣው ውል ውስጥ የዕረፍት ጊዜን አስቦ የመድረሻውን ቀን ይወስን። ሁለተኛ፣ ያለ አደጋ ለሚያደርስ ነጂ ጉርሻ ይመድብ እንጂ ፈጥኖ ለደረሰ አይሸልም። ሦስተኛ፣ ነጂው በመንገድ ላይ ሳለ ስልክ አይደውልለት፤ ወሬውን በሚያርፍበት ስፍራ ይጠይቀው። አራተኛ፣ ከተፈቀደው ክብደት በላይ አያስጭን፤ ከልክ በላይ የተጫነ መኪና ለመቆም ረዘም ያለ ርቀት ይፈልጋልና።

አባቶቻችን «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይሉ ነበር። እህል ቢፈስ ይለቀማል፤ በቃሊቲ መንገድ ላይ የፈሰሰ የሰው ደም ግን አይለቀምም።