በመስተዋት ገንዳ ውስጥ ስለሚታዩ ጥቃቅን ትሎች

በቤት ውስጥ በመስተዋት ገንዳ ዓሣ ማኖር ለዓይን ደስ የሚያሰኝ፤ ለልጆችም ርኅራኄንና ትዕግሥትን የሚያስተምር ነገር ነው። ፈረንጆች ይህን ገንዳ አኳሪየም ይሉታል፤ ስሙም በእኛ ዘንድ ተለምዷል። ነገር ግን ገንዳው ተገዝቶ፤ ጠጠሩ ተነጥፎ፤ ዓሣውም ገብቶ ጥቂት ወራት ካለፈ በኋላ፤ ባለቤቱ አንድ ማለዳ ሲነሣ በመስተዋቱ ላይ እንደ ነጭ ክር የቀጠኑ፤ ቁመታቸው ከሰሊጥ ፍሬ እስከ አንድ ጣት ስፋት የሚደርስ ትሎች ሲርመሰመሱ ያያል። ያን ጊዜ በቤቱ ሁሉ ድንጋጤ ይሆናል።

በአገራችን ሰው ዘንድ ትል ሲባል ወዲያው የሚታሰበው ወስፋትና ኮሶ ስለ ሆነ፤ «ልጆቹ እጃቸውን ነክረውበታል፤ ምን ይዟቸው ይሆን?» የሚል ጭንቀት ይከተላል። ከዚያም ውሃውን መድፋት፤ ጠጠሩን መቀቀል፤ ዕቃውን በበረኪና ማጠብ ይመጣል። እኔም ይህንኑ ያደረግሁ ሰው ነኝና፤ የደረሰብኝን ለአንባቢ ብነግር ሌላው ይጠነቀቅበት ይሆናል።

በቤቴ 120 ሊትር ውሃ የሚይዝ ገንዳ አለ። በውስጡም አምስት ወርቃማ ዓሦች ነበሩ፤ የስምንት ዓመት ልጄም ለእያንዳንዳቸው ስም አውጥታላቸው ነበር። ትሎቹን አስቀድማ ያየች እርሷ ናት። አማቴ ነገሩን ተጸይፈው «ይህ ነገር ከቤት ይውጣ» አሉ። እኔም የቤቱ ጌታ እንደ መሆኔ አንድ ነገር ማድረግ ይገባኛል ብዬ፤ ዓሦቹን በባልዲ አኑሬ ውሃውን በሙሉ ደፋሁት፤ ጠጠሩን በፈላ ውሃ ቀቀልሁት፤ የማጣሪያውንም ስፖንጅ በበረኪና አጥቤ ደጋግሜ አለቀለቅሁት። ገንዳው እንደ አዲስ አበራ፤ የመጣውም እንግዳ ሁሉ አደነቀው። በሦስተኛው ቀን ዓሦቹ ወደ ውሃው ፊት ወጥተው አፋቸውን ይከፍቱና ይዘጉ ጀመር፤ በአምስተኛው ቀን ሁለቱ ሞቱ። ልጄ «ትሎቹ ገደሏቸው» ብላ አለቀሰች፤ እኔም ዝም አልሁ። ከአንድ ወር በኋላ ትሎቹ ተመልሰው መጡ።

የሆነው ነገር እንዲህ ነው። ዓሣ ከሰውነቱ የሚያወጣው ቆሻሻና ሳይበላ የቀረው ምግብ ሲበሰብስ አሞኒያ የሚባል መርዝ ይሆናል። ይህን መርዝ የሚያጠፉት በጠጠሩና በማጣሪያው ላይ የሰፈሩ፤ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ አንደኞቹ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፤ ሁለተኞቹም ናይትራይቱን ጕዳቱ እጅግ ወዳነሰው ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። እነዚህ በአዲስ ገንዳ ውስጥ በቂ ሆነው እስኪበዙ ድረስ ብዙውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ያስፈልጋቸዋል። እኔ በፈላ ውሃና በበረኪና የፈጀሁት እነዚህን ጠባቂዎች ነበር። ዓሦቹም በራሳቸው ቆሻሻ ተመርዘው ሞቱ።

እንግዲህ ትል የታየበት ሰው አስቀድሞ ማድረግ የሚገባው፤ ባልዲ ሳይሆን አጉልቶ የሚያሳይ መነጽር ማንሣት ነው፤ በገንዳ ውስጥ የሚታየው ትል ሁሉ አንድ ወገን አይደለምና።

ብዙ ጊዜ የሚገኘው፤ በእኔም ቤት የነበረው፤ ከእርሻ መሬት የሚወጣው የምድር ትል ታናሽ ዘመድ ነው። ሰውነቱ በቀለበት በቀለበት የተከፋፈለ ነው፤ ከመስተዋቱ ሲለቅ በውሃው ውስጥ እየተጠማዘዘ ይዋኛል። ቤቱ ከጠጠሩ በታች ነው፤ መብሉም የበሰበሰ ምግብና የቅጠል ርጋፊ ነው። ዓሣን አይነካም፤ ይልቁንም ዓሣው ሲያገኘው ይውጠዋል። ብዙዎቹ ሰውነታቸውን ለሁለት በመክፈል ስለሚራቡ፤ መብል ካገኙ ቍጥራቸው በጥቂት ቀን ይበዛል።

ሁለተኛው ፕላናሪያ የሚባለው ጠፍጣፋ ትል ነው። ይህ አይጠማዘዝም፤ እንደ ቀንድ አውጣ በመስተዋቱ ላይ ተለጥፎ ቀስ ብሎ ይንሸራተታል። ራሱ እንደ ቀስት ጫፍ ሦስት ማዕዘን ነው፤ በላዩም ሁለት ነቍጥ የመሰሉ ዓይኖች አሉት፤ አፉ ግን በራሱ ላይ ሳይሆን በሆዱ መካከል ነው። ብርሃን ይሸሻልና በሌሊት መብራት ይዞ መፈለግ ይሻላል። ከኮሶ ጋር በሩቅ ይዛመዳል፤ ነገር ግን በሰው ሆድ ውስጥ የሚኖር አይደለም። ጤነኛ የሆነውን ትልቅ ዓሣ አይጐዳም፤ የዓሣ ዕንቍላልን ግን ይበላል። በምላጭ ቈርጦ ለመግደል መሞከር ከንቱ ነው። አሜሪካዊው ሊቅ ቶማስ ሀንት ሞርጋን፤ ኋላ በ1933 ዓመት እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር የኖቤልን ሽልማት የተቀበለው፤ በወጣትነቱ ይህን ትል እየቈራረጠ ሲመረምር፤ እጅግ ትንሹ ቍራጭ ስንኳ እንደ ገና ሙሉ ትል ሲሆን አይቷል። የሚሻለው ጥቂት ጥሬ ሥጋ አፉ ጠባብ በሆነ ትንሽ ጠርሙስ አግብቶ ማታ ከገንዳው ማኖር፤ ማለዳም ከተሰበሰቡት ትሎች ጋር ማውጣት ነው። ለከብትና ለውሻ ትል የሚሰጠው ፌንቤንዳዞል የሚባለው መድኃኒትም ይገድለዋል፤ ነገር ግን በገንዳው ያሉትን ቀንድ አውጣዎች ሊፈጅ ስለሚችል የእንስሳት ሐኪም ሳይጠይቁ መጨመር አይገባም።

በውነት የሚያስፈራው ሌላ ነው። ከዓሣው መውጫ ቀይ ክር የመሰለ ነገር ተንጠልጥሎ ከታየ፤ ይህ በአንጀቱ ውስጥ የሚኖር ካማላነስ የሚባል ደም መጣጭ ትል ነው። ያን ጊዜ ዓሣውን ለይቶ ወደ ሐኪም መሄድ እንጂ መዘግየት አይጠቅምም። በመስተዋቱ ላይ የሚሄደውንና ከዓሣው ሰውነት የሚወጣውን መለየት እንግዲህ ትልቅ ነገር ነው።

ወደ ነጭ ክሮቹ ልመለስ። ለመሆኑ በጠጠር ሥር ተሸሽገው የኖሩት ለምን ወደ መስተዋቱ ወጡ? አንደኛው ምክንያት የምግብ መብዛት ነው። በእኔ ቤት ጠዋት ልጄ ትመግባለች፤ ቀትር ላይ ባለቤቴ «ርቧቸው ይሆናል» ብላ ትጨምራለች፤ ማታ እኔ ከሥራ ስመለስ እንደ ገና እበትናለሁ፤ እንግዳም ቢመጣ ልጄ ጣሳውን ታቀርብለታለች። በቤታችን ማንም ሳይመገብ አይውልም የሚለውን ልማድ ለዓሣም አደረግነው። ከሦስት እጅ ሁለቱ እጅ ምግብ ከጠጠሩ ውስጥ እየገባ ይበሰብስ ነበር።

ሁለተኛው ምክንያት የኦክሲጅን ማነስ ነው። የሚበሰብሰው ነገር በጠጠሩ ውስጥ ያለውን ኦክሲጅን ይጨርሳል፤ ትሎቹም ትንፋሽ ፍለጋ ወደ ላይ ይወጣሉ። እዚህ ላይ በደጋ የምንኖር ሰዎች ልናስበው የሚገባ ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለ ተሠራች፤ የአየሩ ግፊት አነስተኛ ነው፤ ስለዚህ ውሃ የሚይዘው ኦክሲጅን በባሕር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል ያንሳል። በአውሮፓ መጽሐፍ «ለዚህ ገንዳ ይህን ያህል ዓሣ» ተብሎ የተጻፈው ልክ ለደጋ ቤት ይበዛል። መብራት ጠፍቶ ማጣሪያውና አየር የሚነፋው ሞተር በቆመ ሌሊት፤ ማለዳ ትሎቹ በመስተዋቱ ላይ በዝተው ቢገኙ አያስደንቅም። ዓሦቹም ከእነርሱ ጋር ትንፋሽ አጥሯቸው ነውና፤ ያየ ሰው ለዓሦቹ ይድረስላቸው።

ቆሻሻውን የሚበላ ፍጥረት ለገንዳ የሚያስፈልግ መሆኑ ከጥንት የታወቀ ነው። ሮበርት ዋሪንግተን የሚባል የሎንዶን ኬሚስት በ1850 ዓመት እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ባወጣው ጽሑፍ፤ ወርቃማ ዓሦችን ከውሃ ተክል ጋር በአንድ ዕቃ እንዳኖረ ይነግራል። የተክሉ ቅጠል እየበሰበሰ ውሃውን ቢያበላሽበት፤ ቀንድ አውጣዎችን ጨመረ፤ እነርሱም የበሰበሰውን በሉ፤ ውሃውም ጠራ። ከሦስት ዓመት በኋላ በ1853 በሎንዶን የእንስሳት መኖሪያ ለሕዝብ የሚታይ የዓሣ ቤት ተከፈተ። ዋሪንግተን ቀንድ አውጣዎቹን ያስገባበትን ሥራ ትሎቹ በእኔ ገንዳ ሳልጠራቸው ይሠሩት ነበር፤ የበዙትም ሥራው ስለ በዛባቸው ነው።

መድኃኒቱ እንግዲህ ቀላል ነው። በቀን አንድ ጊዜ፤ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ተበልቶ የሚያልቅ ምግብ ብቻ መስጠት፤ ለትልልቆቹም ዓሦች በሳምንት አንድ ቀን ማስጾም ነው። በየሳምንቱ ከውሃው ሩብ ያህሉን በላስቲክ ቱቦ እየቀዱ፤ የቱቦውን አፍ በጠጠሩ መካከል እያስገቡ ደለሉን ማውጣት ነው። ቱቦውን በአፍ መሳብ አስጸያፊ ነውና፤ አስቀድሞ ውሃ ሞልቶ ጫፉን በጣት ይዞ ማውረድ ይበቃል። የሚጨመረው የቧንቧ ውሃ ክሎሪኑ እንዲለቀው በአፈ ሰፊ ባልዲ አንድ ቀን ይደር። ስፖንጁም በዚያው ከገንዳው በተቀዳው ውሃ ብቻ ይጨመቅ፤ በሳሙናና በበረኪና አይታጠብ። ለሰው የሚያሰጋውም ትሉ አይደለም፤ ነገር ግን በገንዳ ውሃ ውስጥ በቍስል የሚገባ ጀርም ሊኖር ስለሚችል፤ የቈሰለ እጅ አይንከር፤ ሥራው ሲያልቅም እጅን በሳሙና መታጠብ ይገባል።

እኔ ይህን ካደረግሁ በኋላ በሦስተኛው ሳምንት ትሎቹ ከመስተዋቱ ወረዱ። ፈጽመው አልጠፉም፤ ጠጠሩን ብነካካ ጥቂቶቹ ብቅ ይላሉ፤ እኔም እተዋቸዋለሁ። የቀረኝ ነገር ለልጄ እውነቱን መናገር ነበር። አንድ ማታ ከገንዳው አጠገብ አስቀምጬ፤ ሁለቱን ዓሦች የገደለ የእኔ እጅ እንጂ ትሎቹ እንዳልሆኑ ነገርኋት። ብዙ ጊዜ ዝም ብላ ቆየችና «ታዲያ ለምን ያን ጊዜ አልነገርኸኝም?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምግቡን ጣሳ ከራስጌዋ አኑራ፤ በትንሽ ማንኪያ እየለካች የምትመግባቸው እርሷ ብቻ ናት፤ ለእኔም ሆነ ለእንግዳ ጣሳውን አታቀርብም።