መስመር ሲቋረጥ ሥራ እንዳይቋረጥ



በመሥሪያ ቤቶቻችን «ሲስተም የለም» የሚለውን ቃል ያልሰማ ሰው የለም። ባለጉዳዩ ከሩቅ ቀበሌ መጥቶ ይህንኑ ሰምቶ ይመለሳል። ሠራተኛው በቦታው አለ፤ ኮምፒውተሩም አለ፤ የጎደለው ከማዕከሉ ጋር የሚያገናኘው መስመር ብቻ ነው። በዛሬው ንግግራችን መሣሪያዎች ያለ ኢንተርኔት እርስ በርሳቸው መዝገብ የሚያስማሙበትን ዘዴ እናስረዳችኋለን።

የነገሩ አስፈላጊነት ጎልቶ የሚታየው በአውሮፕላን ውስጥ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ባደረገበት ዘመን የመንገደኞች ዝርዝር በወረቀት ይያዝ ነበር። ወረቀት መስመር አይፈልግም፤ ነገር ግን ሁለት ቅጂዎች በራሳቸው አይተራረሙም። ዛሬ በብዙ አየር መንገዶች ታብሌት የወረቀቱን ቦታ ይዟል። ይሁን እንጂ አውሮፕላኑ ከፍ ሲል የምድሩ ኔትወርክ ይቀራል፤ የሳተላይት ኢንተርኔትም በሁሉም አውሮፕላን አይገኝም፤ በሚገኝበትም ዋጋው ውድ ነው።

ስለዚህ በአዲሱ ዘዴ የፊተኛውና የኋለኛው አስተናጋጅ ታብሌቶች በብሉቱዝ ወይም በዋይፋይ በቀጥታ ይነጋገራሉ። እያንዳንዱ ሙሉ መዝገብ ይይዛል፤ በአንዱ የተጻፈው ወደ ጎረቤቱ፥ ከጎረቤቱም ወደ ሦስተኛው ይተላለፋል። መንገደኛውም ከተፈቀደለት ከወንበሩ ሳይነሣ በስልኩ የሚሻውን ያዝዛል። አውሮፕላኑ ሲያርፍ ኔትወርክ አስቀድሞ ያገኘው ታብሌት የሁሉንም መዝገብ ለማዕከሉ ያስረክባል።

ዋናው ችግር ማስተላለፉ ሳይሆን ማስታረቁ ነው። ለምሳሌ 5 ዕቃ አለ እንበል። ታብሌቶቹ ተለያይተው ሳሉ አንዱ አስተናጋጅ 2 ሸጦ «3 ቀረ» ብሎ ይጽፋል፤ ሌላው 1 ሸጦ «4 ቀረ» ይላል። ሲገናኙ የማንኛቸው ቃል ይጽና? ሁለቱም ስሕተት ነው። ነገር ግን አንዱ «2 ሸጥሁ»፥ ሌላው «1 ሸጥሁ» ብለው ቢመዘግቡ ድምሩ 3፥ ቀሪውም 2 መሆኑ ያለ ክርክር ይታወቃል። እንግዲህ መጻፍ የሚገባው የተሠራው ሥራ እንጂ የቀረው ብቻ አይደለም። ለእያንዳንዱ ሥራም የራሱ መለያ ቁጥር ሊሰጠው ይገባል፤ ያን ጊዜ አንዱ መልእክት ሁለት ጊዜ ቢደርስ እንኳ እንደ አንድ ይቈጠራል።

ይህ ጉዳይ የአየር መንገድ ብቻ አይደለም። ከባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ ወርዶ በጎንደር መንገድ 60 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ወረታ ይደርሳል። ከተማዪቱ ወደ ደብረ ታቦር የሚወስደው መንገድ የሚገነጠልባት መገናኛ ናት። በዙሪያዋ የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ ለሩዝ የተመቸ ነው፤ ክረምት ሲገባ ግን የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ይተኙበታል፤ ቀበሌ ከቀበሌም ይለያያል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆይቷል። ሕፃን የሚከተብበት ቀን ግን መስመሩ እስኪመለስ አይቆይም።

የጤና ሚኒስቴር ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ያሰናዳው የኤሌክትሮኒክ የማኅበረሰብ ጤና መረጃ ሥርዓት ኢንተርኔት በሌለበት ታብሌቱ ላይ መዝግቦ፥ ሲገኝ እንዲልክ የተሠራ ነው። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። በአውሮፕላን ውስጥ ያየነው ዘዴ ግን አንድ ደረጃ ይጨምራል፤ ይኸውም ሁለት ባልደረቦች በአንድ ጣሪያ ሥር በተገናኙ ጊዜ ማዕከሉን ሳይጠብቁ መዝገባቸውን ማስማማት መቻላቸው ነው።

ዘዴው ወሰን እንዳለው አትዘንጉ። አንድ ኩንታል ማዳበሪያ ብቻ ቢቀር፥ የተለያዩ ሁለት ማከፋፈያዎች ለሁለት ገበሬዎች ሊፈቅዱት ይችላሉ፤ መዝገቡ ኋላ ሲታረቅ ጥፋቱን ያሳያል እንጂ ኩንታሉን ሁለት አያደርገውም። መድኃኒቱ ለየማከፋፈያው ድርሻውን አስቀድሞ መወሰን ነው። እንዲሁም የሕመምተኛ ምስጢር ለማንኛውም ጎረቤት ስልክ እንዳይገለጥ፥ መሣሪያዎቹ የሚተዋወቁና ጽሑፋቸውም በምስጢር የተቈለፈ መሆን አለበት።

እንግዲህ፥ ክቡራን አንባብያን፥ ለመሥሪያ ቤታችሁ አዲስ ሥርዓት ሊገዛ ሲታሰብ፥ ሻጩ ስለ ፍጥነቱ ከመናገሩ በፊት አንድ ነገር ጠይቁት፤ «መስመሩ በተቋረጠ ቀን ባለጉዳዬን ምን ብዬ አስተናግደዋለሁ?»