ፈተናው የልጁ፣ ጭንቀቱ የቤቱ

የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ያለበት ቤት ያስታውቃል። የቴሌቪዥኑ ድምፅ ይቀነሳል፤ ታናናሾቹ «ዝም በሉ» ይባላሉ፤ አባት ሲገባም ሲወጣም «አጠናህ?» ይላል። ሁሉም ለልጁ አስቦ ነው። ልጁ ግን በራሱ ጭንቀት ላይ የቤተሰቡን ጨምሮ ይሸከማል።

በነርስነት በሠራሁባቸው ዓመታት፣ ፈተና ሲቃረብ «ራሴን ያመኛል፣ ሆዴን ይቆርጠኛል፣ ምግብ አስጠላኝ» የሚሉ ተማሪዎች ይበዙብን ነበር። እናት ከጎን ሆና «ታይፎይድ ይሆን?» ትላለች። ተመርምሮ ምንም ሲታጣ «አውቆ ነው» ማለት ግን ተገቢ አይደለም። ሰው ሲጨነቅ ሰውነቱ አድሬናሊን የተባለውን ሆርሞን በብዛት ያመነጫል። ልብ በፍጥነት ይመታል፣ ጡንቻ ይወጠራል፣ የጨጓራና የአንጀት ሥራ ይዛባል። ሕመሙ እውነተኛ ነው።

ታዲያ ቤተሰብ ምን ያድርግ?

መጀመሪያ እንቅልፉን ጠብቁለት። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት ያስፈልገዋል። ቀን ያጠናው በአእምሮው የሚረጋው ሲተኛ ነው። በቡና፣ ይባስ ብሎም በጫት፣ ነቅቶ ማደር ያጠናውን ያስረሳዋል።

ሁለተኛ፣ ጥያቄያችሁን ቀይሩ። «ስንት ታመጣለህ?» ቀርቶ «በላህ? ተኛህ?» ይሁን። ከጎረቤት ልጅ ጋር ማወዳደሩም ይቅር። አያቶች እዚህ ላይ ትልቅ ድርሻ አላችሁ። ስለ ውጤት የማይጠይቅ አንድ ሰው ቤት ውስጥ ካለ፣ ልጁ እፎይ የሚልበት ያገኛል። ማታ ቡናው ቢቀርበት እንኳ ቆሎውን እየቆረጠመ ሌላ ወሬ አጫውቱት።

ሦስተኛ፣ እናንተም ተረጋጉ። በአፍንጫ እስከ 4 እየቆጠሩ አየር ማስገባት፣ እስከ 6 እየቆጠሩ ቀስ ብሎ ማስወጣት፤ ይህን ለ5 ደቂቃ ያህል አብራችሁ ተለማመዱ። ለፈተና ወደ ዩኒቨርሲቲ ሲሄድ ይዞት የሚሄደው ስንቅ ይሆነዋል።

ስለ ውጤቱም አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። በ2016 ዓ.ም. ፈተናውን ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ማለፊያ ነጥብ ያላመጣ ልጅ የቤተሰቡ ውርደት አይደለም። የሬሚዲያል ትምህርት አለ፤ ቴክኒክና ሙያ አለ። «ምንም ብታመጣ ልጃችን ነህ» የሚለው ቃል ከውጤቱ በፊት ሲነገር ያምነዋል።

አንድ ነገር ግን አደራ። ልጁ ከሰው ከራቀ፣ እንቅልፍና ምግብ ካጣ፣ በተለይም «ብሞት ይሻለኛል» ካለ፣ «የልጅ ነገር ነው» ብላችሁ አትለፉት። ራሱን ለመጉዳት አስቦ እንደሆነ በቀጥታ ጠይቁት። መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም፤ እንዲያውም ያቀልለታል። ብቻውን አትተዉት፤ ኪኒንና የተባይ መርዝ ከቤት አርቁ፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። የአእምሮ ሕክምና አማኑኤል ሆስፒታል ብቻ የሚሰጥ አይደለም፤ በሌሎች በርካታ ሆስፒታሎችም ይገኛል።

ፈተናው ለከርሞም አለ። ልጁ ይቅደም።