ከአጥሩ ጀርባ የሚጣለው

ከፈረንሳይ ለጋሲዮን እስከ ካራ፣ የእንጦጦን ግርጌ ይዘው በተሠሩ የየካ ሰፈሮች የሚሠራ የእንስሳት ሐኪም ከጅብ ጣጣ አያመልጥም። ጅብ የነከሰው አህያ ሲመጣልኝ ቆዳው ላይ የሚታየው ጠባብ ቀዳዳ ነው። ጸጉሩን ላጭቼ ስዳስሰው ግን ከሥር ያለው ጡንቻ ደቅቋል። እንዲህ ያለውን ቁስል አጥቤ፣ መግል እንዳይቋጥር ሳልሰፋው እተወዋለሁ። ባለቤቱ አጠገቤ ቆሞ፣ "ዶክተር፣ ይሄን ጅብ የሚያጠፋልን የለም ወይ?" ይለኛል። እኔም መልሼ፣ "ሰፈራችሁ ከብት ሲሞት የት ነው የምትጥሉት?" እለዋለሁ።

ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ተራራውን የሸፈነው ባሕር ዛፍ ከሥሩ እምብዛም ሣር አያበቅልም፤ ስለዚህ ሚዳቋና ድኩላ እንደልብ አይገኝም። ጅቡ ቀን ገደል ውስጥ ተኝቶ ይውልና ሲመሽ የወንዙን መውረጃ ይዞ ወደ እኛ ይመጣል። ጫካው መኝታ ቤቱ ነው፤ ማዕድ ቤቱ ሰፈራችን ነው።

የመቀሌ ዩኒቨርሲቲው ጊደይ ይርጋና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት፣ ትግራይ ውስጥ ከጅብ ዓይነ ምድር የተገኘውን ጸጉር ለይተው ነበር። የአህያ ጸጉር የተገኘበት ናሙና ከጾም በፊት 15 በመቶ ያህል ሲሆን በሁዳዴ 33 በመቶ ደረሰ፤ ከፋሲካ በኋላ ወደ 22 በመቶ ወረደ። ሥጋ ቤት ሲዘጋ አጥንቱና ፈርሱም ይቋረጣል፤ የራበው ጅብ አህያ ላይ ይዞራል። መቀሌ ላይ የተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ የከተማዋ ጅቦች በዓመት 207 ቶን የእንስሳት በድን እንደሚያነሡ፣ በዚህም አባ ሰንጋንና የከብት ሳንባ ነቀርሳን እንደሚቀንሱ ገምቷል። ያለ ደመወዝ የሚሠሩ የጽዳት ሠራተኞች ናቸው ማለት ነው።

ሥጋ ላይ መርዝ ነስንሶ መጣል መፍትሔ የሚመስላቸው አሉ። መርዙ ግን ጅብን ከጥንብ አንሳም ሆነ ከጎረቤት ውሻ አይለይም። ቆሻሻው እዚያው እስካለ ድረስ ደግሞ በሞተው ጅብ ፋንታ ሌላው ይወርዳል።

ለደንበኞቼ የምነግራቸው ቀላል ነው። አህያ ውጭ አይደር፣ በተለይ በሁዳዴ። የሞተ ከብት በጥልቅ ይቀበር። ውሻ በየዓመቱ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይውሰድ። ጅብም ሆነ ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን 15 ደቂቃ በሳሙናና በውኃ አጥቦ በዕለቱ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

እኛ ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆኖብን የምንሰበሰበው አህያው ከተበላ በኋላ ነው። የበግ ቆዳ ገዢ ካጣ ወዲህ የበዓል ማግሥት መንገዱ በቆዳና በፈርስ ይሞላል። የሰፈር ስብሰባ ጅቡን ማን ይግደል ብሎ ከመከራከሩ በፊት፣ ይህ ሁሉ በየትኛው ቀን፣ በማን እንደሚነሣ ቢወስን የተሻለ ሥራ ይሠራል።