አረጋውያንን መጦር፦ ከኮሮና በኋላ የሚያስፈልገው ሥርዓት

ዕድሜው የገፋ ሰው ሁለት ዓይነት ድጋፍ በአንድ ጊዜ ይፈልጋል። አንደኛው የጤና አገልግሎት ነው፤ የደም ግፊቱን፣ ስኳሩን፣ ልቡንና መገጣጠሚያውን የሚከታተል ሐኪም፣ ምርመራና መድኃኒት ያስፈልገዋል። ሁለተኛው ማኅበራዊ እንክብካቤ የሚባለው ነው፤ ገላውን የሚያጥበው፣ ምግብ የሚያዘጋጅለት፣ ደግፎ የሚያስነሣው፣ አጠገቡ ተቀምጦ የሚያጫውተው ሰው ያሻዋል። በብዙ አገሮች የመጀመሪያው በሆስፒታሎች እጅ ሲሆን ሁለተኛው ለቤተሰብ፣ ለማዘጋጃ ቤት ወይም ለበጎ አድራጊዎች የተተወ ነው። በጀታቸውም፣ ሠራተኞቻቸውም፣ መዝገባቸውም ለየብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የተስፋፋው የኮሮና ወረርሽኝ በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ምን ያህል ሕይወት እንደሚያስከፍል ለዓለም አሳየ።

ጉዳዩ ሀብታም አገሮችን ብቻ የሚመለከት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው እ.ኤ.አ. በ2020 ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች 1 ቢሊዮን ነበሩ፤ በ2030 1.4 ቢሊዮን፣ በ2050 ደግሞ 2.1 ቢሊዮን ይደርሳሉ። በ2050 ከአምስት አረጋውያን አራቱ የሚኖሩት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም እ.ኤ.አ. ከ2021 እስከ 2030 ያሉትን ዓመታት የጤናማ እርጅና ዐሥርት ብሎ ሰይሟል።

ቫይረሱ በመጦሪያ ቤቶች

በሽታን የመከላከል አቅም ከዕድሜ ጋር ይዳከማል፤ ስለዚህ ኮሮና በአረጋውያን ላይ መበርታቱ አይገርምም። ይሁን እንጂ ዕድሜያቸው ተመሳሳይ የሆኑ አረጋውያን በአንዱ ቤት ሲያልቁ በሌላው ደኅና የሰነበቱበት ምክንያት በዕድሜ ብቻ አይገለጽም። ልዩነቱ የመጣው በአብዛኛው ከአኗኗራቸውና ከእንክብካቤያቸው አደረጃጀት ነው።

የመጀመሪያው ችግር ምልክቱን አለማወቅ ነበር። በወጣቶች ላይ ትኩሳትና ሳል የሚያስከትል ሕመም በአረጋውያን ላይ ድንገተኛ የአእምሮ መደናገር፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት ወይም መውደቅ ሆኖ ሊታይ ይችላል። አንዳንዴም ምንም አይታይም። እ.ኤ.አ. በማርች 2020 በአሜሪካ ዋሺንግተን ግዛት ኪንግ ካውንቲ ውስጥ ባለ አንድ መጦሪያ ቤት በተደረገ ጥናት ቫይረሱ ከተገኘባቸው ነዋሪዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ናሙና በሰጡበት ዕለት ምልክት አልነበራቸውም። በር ላይ ሙቀት እየለኩ ማሳለፍ ብቻውን ያልበቃው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ችግር የሕንፃውና የሠራተኛው ነበር። በካናዳ በመጀመሪያው ማዕበል ከሞቱት ከእያንዳንዱ 100 ሰዎች 80 ያህሉ የረጅም ጊዜ እንክብካቤ በሚሰጥባቸው ቤቶች የሚኖሩ ነበሩ። በኦንታሪዮ ክፍለ ግዛት በቀደመው ዘመን የተሠሩ ቤቶች በአንድ ክፍል እስከ አራት አረጋውያን ያስተኙ ነበር። ደመወዛቸው አነስተኛ የሆነ ተንከባካቢዎች ኑሮን ለማሸነፍ በሁለትና በሦስት ቤቶች ይሠሩ ስለነበር ቫይረሱ አብሯቸው ከቤት ቤት ተዘዋወረ። ሠራተኛ ሲታመምና ሲሸሽ መንግሥት በኩቤክና በኦንታሪዮ ወታደሮችን አሰማራ። ወታደሮቹ የአረጋውያኑን መራብ፣ ሳይታጠቡ መሰንበትና መረሳት የዘረዘሩበት ዘገባ በሜይ 2020 ይፋ ሲሆን አገሩ ደነገጠ።

ሦስተኛው ችግር በጤናና በማኅበራዊ ዘርፍ መካከል ያለው ግድግዳ ነው። በእንግሊዝ ሆስፒታሎች አልጋ ለማስለቀቅ ሲሉ እ.ኤ.አ. ከማርች 17 እስከ ኤፕሪል 15 ቀን 2020 ባለው ጊዜ 25,000 ያህል ሕመምተኞችን ወደ መጦሪያ ቤቶች ላኩ፤ አብዛኞቹ ከመውጣታቸው በፊት አልተመረመሩም ነበር። የለንደን ከፍተኛ ፍርድ ቤት በኤፕሪል 2022 በሰጠው ውሳኔ መንግሥት ከሆስፒታል የሚወጡት ተለይተው እንዲቆዩ ሳያሳስብ መቅረቱ ሕገ ወጥ ነበር ብሏል። በስዊድን ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1992 ማሻሻያ ወዲህ አረጋውያንን የመንከባከብ ኃላፊነት የ290ዎቹ ማዘጋጃ ቤቶች ሲሆን ሐኪም የሚቀጥሩት ግን 21ዱ ክልሎች ናቸው። በወረርሽኙ ጊዜ ማዘጋጃ ቤት ሐኪም መቅጠር አይችልም ነበር። በዚህ የተነሣ መጦሪያ ቤቶቹ ሕክምናን በቅርብ ማግኘት ተሳናቸው። የአገሪቱ የኮሮና አጣሪ ኮሚሽን በዲሴምበር 2020 ባወጣው የመጀመሪያ ሪፖርቱ አረጋውያንን የመጠበቁ ጥረት አለመሳካቱን ገልጾ የሠራተኛ ማነስን፣ በሰዓት የሚከፈላቸው ቋሚ ቅጥር የሌላቸው ሠራተኞች መብዛትንና የተበታተነ አደረጃጀትን ከምክንያቶቹ ቆጥሯል። እነዚህ ጉድለቶች ቀድሞም የታወቁ ነበሩ።

በር መዝጋት ያስከተለው ጉዳት

ብዙ አገሮች ቫይረሱ እንዳይገባ ለመጦሪያ ቤት ጠያቂ ከለከሉ። እርምጃው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ተገቢ ነበር፤ ለወራት ሲራዘም ግን ራሱ ጉዳት ሆነ። ከአልጋና ከወንበር የማይነሣ አረጋዊ የጡንቻውን ኃይል በፍጥነት ያጣል። የመርሳት ሕመም ያለበት ሰው የለመደውን ፊትና ድምፅ ሲያጣ ሕመሙ ይብስበታል። ልጆች በመስኮት ተሰናበቱ፤ ብዙዎችም ማንም እጃቸውን ሳይዛቸው አለፉ።

ቤተሰብ በብዙ መጦሪያ ቤቶች የሚያጎርስ፣ የሚያበረታታና ጉድለትን ቀድሞ የሚያይ እጅ እንደነበረ ያን ጊዜ ጎልቶ ታየ። ስለዚህ ቤተሰብን እንደ እንግዳ ሳይሆን እንደ እንክብካቤው አካል መቁጠር ከወረርሽኙ ዋና ትምህርቶች አንዱ ሆኗል። በእንግሊዝ ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለ ደንብ ልዩ ምክንያት ከሌለ በስተቀር መጦሪያ ቤቶችና ሆስፒታሎች ጠያቂን እንዳይከለክሉ ያስገድዳል።

የተዘጋጁት እና የተዘነጋው

ሆንግ ኮንግ ከ2003ቱ የሳርስ ወረርሽኝ ተምራ ነበር። ያ በሽታ በከተማዋ 299 ሰዎችን ከገደለ በኋላ እያንዳንዱ መጦሪያ ቤት የተላላፊ በሽታ መከላከልን የሚከታተል ኃላፊ እንዲኖረው ተደረገ፤ ጭንብልና የመከላከያ አልባሳት ማከማቸትና ልምምድ ማድረግም የተለመደ ሆነ። ኮሮና ሲመጣ ዝግጅቱ ፍሬ አፈራ፤ እስከ 2021 መጨረሻ በመላ ከተማዋ የሞቱት 213 ሰዎች ብቻ ነበሩ። ነገር ግን በዕድሜ የገፉት ብዙዎቹ ክትባቱን ፈርተው ሳይከተቡ ቆዩ። በ2022 መጀመሪያ ኦሚክሮን የተባለው ዝርያ ሲገባ በጥቂት ወራት ከ9,000 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ያልተከተቡ ወይም ክትባታቸውን ያላሟሉ አረጋውያን ነበሩ። ጥሩ ጥበቃ ጊዜ ይገዛል፤ የተገዛው ጊዜ ለክትባት ካልዋለ ግን ጥፋቱን ማዘግየት ብቻ ይሆናል።

እስራኤል በኤፕሪል 2020 የአባቶችና የእናቶች ጋሻ የተባለ ብሔራዊ ዘመቻ ጀመረች። ምርመራ፣ የመከላከያ አልባሳት አቅርቦትና የታመሙትን ለይቶ የማከም ሥራ ለአንድ አመራር ተሰጠ። የጤናው ዘርፍና ማኅበራዊው ዘርፍ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ መቀመጣቸው ውሳኔውን አፋጥኖታል።

አዲሱ አስተሳሰብ

ከእነዚህ ልምዶች አራት አቅጣጫዎች ወጥተዋል። የመጀመሪያው ለተንከባካቢው መክፈልና ማሠልጠን ነው። የካናዳዋ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ክፍለ ግዛት በማርች 2020 ሠራተኞች በአንድ ቤት ብቻ እንዲሠሩ አዘዘች፤ ትእዛዙ የሠራው ግን ደመወዛቸው በአንድ ደረጃ እንዲስተካከል በመደረጉ ነው። አሜሪካ በ2024 ለእያንዳንዱ ነዋሪ በቀን ቢያንስ 3.48 የሠራተኛ ሰዓት እንዲመደብ የሚያስገድድ ደንብ ብታወጣም በ2025 በፍርድ ቤት ተሽሯል። የተንከባካቢዎች ጉዳይ ለኢትዮጵያውያን የሩቅ ወሬ አይደለም። በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በሚኒሶታ ብዙ ትውልደ ኢትዮጵያውያን በነርስነትና በነርስ ረዳትነት አረጋውያንን ይንከባከባሉ፤ በባሕረ ሰላጤው አገሮችና በሊባኖስም በቤት ሠራተኝነት የሄዱ እኅቶች የአሠሪዎቻቸውን አረጋውያን ወላጆች ያስታምማሉ። የተንከባካቢ መብት ሲከበር የሚጠቀሙት አረጋዊውም ሠራተኛዋም ናቸው።

ሁለተኛው የመኖሪያው ቅርጽ ነው። መቶዎችን በረጅም ኮሪደር ከሚያኖር ተቋም ይልቅ ዐሥር ወይም ዐሥራ ሁለት ሰዎች የየራሳቸው ክፍልና የጋራ ማዕድ ቤት ያላቸው ትንንሽ ቤቶች ኢንፌክሽንን ለመግታትም፣ ለክብርም የተሻሉ ሆነው ተገኝተዋል። በአሜሪካ ግሪን ሃውስ የተባሉት የዚህ ዓይነት ቤቶች መጀመሪያ በ2003 በሚሲሲፒ ተከፍተዋል።

ሦስተኛው ሰው እስከ ተቻለው ድረስ በራሱ ቤት እንዲያረጅ ማገዝ ነው። ዴንማርክ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምራ የድሮውን ዓይነት መጦሪያ መገንባት አቁማለች። በ2008 ፍሬዴሪሲያ የተባለችው ከተማ ለአረጋውያን ሁሉን ከመሥራት ይልቅ ራሳቸው መታጠብ፣ መልበስና ምግብ ማዘጋጀት እንዲችሉ ማሠልጠን ጀመረች፤ ከ2015 ወዲህ ይህን ዕድል መስጠት የሁሉም ማዘጋጃ ቤቶች ግዴታ ነው። በኔዘርላንድስ ደግሞ ዮስ ደ ብሎክ የተባለ ነርስ በ2006 ቡርትዞርግ የተባለውን የቤት ለቤት ነርሶች ድርጅት መሠረተ። ከ12 የማይበልጡ ነርሶች ያሉበት ቡድን የአንድ ሠፈር አረጋውያንን ይይዛል፤ ያው ፊት ተመልሶ ስለሚመጣ የሰውየውን ጤናም ኑሮም ያውቃል።

አራተኛው ገንዘቡ ነው። ጃፓን በኤፕሪል 2000 የረጅም ጊዜ እንክብካቤ ኢንሹራንስ ጀመረች። ዕድሜው 40 የሞላ ሁሉ መዋጮ ይከፍላል፤ ግማሹ ከመዋጮ፣ ግማሹ ከግብር ይሸፈናል፤ ተጠቃሚውም እንደ ገቢው ከ10 እስከ 30 በመቶ ይጨምራል። የድጋፍ ፍላጎቱ በሰባት ደረጃዎች ከተለካ በኋላ አስተባባሪ ባለሙያ የሐኪሙን፣ የነርሱንና የቤት ረዳቱን አገልግሎት በአንድ እቅድ ያገናኛል። ጀርመን ከ1995፣ ደቡብ ኮሪያ ከ2008 ጀምሮ ተመሳሳይ መድን አላቸው።

የኢትዮጵያ መንገድ

በኢትዮጵያ 60 ዓመት የሞላቸው ከ100 ሰው 5 ያህል ናቸው፤ አብዛኞቹ የሚኖሩት ከልጆቻቸውና ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ነው። የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲገኝ አረጋውያን እንዲጠበቁ የተላለፈው ምክር የገጠመው እንቅፋት ከካናዳው የተለየ ነበር። ሦስት ትውልድ በአንድ ክፍል በሚያድርበት ቤት አዛውንትን ለይቶ ማኖር አይቻልም፤ የቀን ገቢ የሚያመጣው ልጅም ከቤት አልወጣም ማለት አይችልም።

ጧሪ ልጅ ማፍራት የዘመናት ዋስትና ሆኖ ኖሯል። ሸክሙ ግን በአብዛኛው በሴት ልጅና በምራት ላይ ያረፈ፣ ደመወዝም ሥልጠናም የሌለው ሥራ ነው። ወጣቶች ወደ ከተማና ወደ ባሕር ማዶ ሲሄዱ ገንዘብ ይልካሉ፤ ደግፎ የሚያስነሣ ክንድ ግን አይላክም። ጡረታ የሚያገኙት ደግሞ የመንግሥትና የመደበኛ የግል ድርጅት ሠራተኞች ስለሆኑ ገበሬው፣ ጉሊት ነጋዴዋና የቀን ሠራተኛው ከዚያ ውጭ ናቸው። ጧሪ የሌላቸውን የሚሰበስቡ እንደ መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ያሉ ማዕከላት በሕዝብ ልገሳ ትልቅ ሥራ ቢሠሩም የአገርን ሸክም ብቻቸውን ሊሸከሙ አይችሉም።

መሠረቱ ግን አለ። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የተዘረጋው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ባለሙያዎች ቤት ለቤት ይዞራሉ፤ ዋና ትኩረታቸው እናቶች፣ ሕፃናትና ተላላፊ በሽታዎች ናቸው። የአረጋውያንን የደም ግፊት፣ ስኳር፣ ዓይንና የመውደቅ አደጋ መከታተል በዚሁ ጉብኝት ላይ ሊጨመር ይችላል። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች የተሞከረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ቤተሰቡን በሙሉ ስለሚሸፍን አያትንም ይደርሳል። ልማታዊ ሴፍቲኔት መሥራት ለማይችሉ አረጋውያን ቀጥተኛ ድጋፍ ይሰጣል። ዕድርም የሠፈሩን ሽማግሌና አሮጊት በስም ያውቃል፤ ለቀብር ከሚሰበሰበው መዋጮ ጥቂቱ በሕይወት ላለ አዛውንት መድኃኒትና ጠያቂ ቢውል ትልቅ ኃይል ይሆናል።

እነዚህ አራቱ ዛሬ ተለያይተው ይሠራሉ። በየወረዳው የአረጋውያን መዝገብ ቢኖር፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ያየችውን ለማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛው የምታስተላልፍበት መንገድ ቢዘረጋ፣ ወላጁን የሚያስታምም ቤተሰብ አጭር ሥልጠና ቢያገኝ ከሆስፒታል ግንባታ ባነሰ ወጪ ብዙ ሕይወት ይተርፋል። አገሪቱ ገና ወጣት ናት፤ ለእርጅና የሚዘጋጁበት ትክክለኛ ጊዜም ይህ ነው። ቀጣዩ ወረርሽኝ መቼ እንደሚመጣ ማንም አያውቅም። አረጋውያንን የሚጠብቀው ሥርዓት መሠራት ያለበት እርሱ ከመምጣቱ በፊት ነው፤ ኃላፊነቱም የመንግሥት፣ የማኅበረሰብና የእያንዳንዱ ልጅ ነው።