የሕግ ትምህርት ቤት ሲመረጥ

ባለፈው ክረምት ለሥራ ተልከን ከሀርጌሳ ስንመለስ፣ በ1994 ዓ.ም. በሞት በተለዩት በፕሬዚዳንት መሐመድ ሐጂ ኢብራሂም ኢጋል ስም በተሰየመው አየር ማረፊያ ከአንድ የቆዩ ወዳጃችን ጋር ተገናኘን። በዚያች ከተማ በግንብ ሥራ ብዙ ዘመን የኖሩ ኢትዮጵያዊ ናቸው። አጠገባቸው ሴት ልጃቸው ተቀምጣለች። የ12ኛ ክፍልን ፈተና ጅግጅጋ አክስቷ ቤት ሆና ተፈትና በመልካም ውጤት አልፋለች፤ ሕግ መማርም ትሻለች። የቀረው ትምህርት ቤቱን መምረጥ ነው።

አባት አዲስ አበባን ይመርጣሉ፤ የሚወስዷትም ዩኒቨርሲቲውን ሊያሳዩአት ነው። ምክንያት አላጡም። በ1956 ዓ.ም. የተከፈተው የሕግ ትምህርት ቤት የሁሉ ቀዳሚ ነው፤ ሚኒስቴሮቹም የፌዴራል ፍርድ ቤቶችም በደጁ ናቸው። እናት ግን ከቤቷ ሳትወጣ በሀርጌሳ ዩኒቨርሲቲ ብትማር ይወዳሉ፤ የቀለብና የመኝታ ወጪ ይቀራልና።

የእናት ሐሳብ በገንዘብ በኩል ሲታይ ያማረ ነው። ነገር ግን ሕግ እንደ ሕክምና አይደለም። ኩላሊት በየአገሩ አንድ ነው፤ ሕግ ግን ድንበር ሲሻገር ይለወጣል። በሀርጌሳ የሸሪዓ ሕግ፣ የጎሣ ሽማግሌዎች የሚዳኙበት «ሔር» የተባለው ልማድና ከእንግሊዝ ዘመን የተረፈው ሕግ ጎን ለጎን ይሠራሉ። የኢትዮጵያ ዳኛ ደግሞ በ1952 ዓ.ም. የወጣውን የፍትሐ ብሔር ሕግ ይገልጣል። ልጅቱ በአገሯ ጠበቃ ልትሆን ካሰበች፣ በርካሽ የተገዛው ትምህርት ኋላ ዋጋው ይወደዳል።

እኛ ሦስተኛ መንገድ አነሣን፤ ጅግጅጋን። እዚያም የሕግ ትምህርት ቤት አለ። ተማሪው እንደ አዲስ አበባው አምስት ዓመት ተምሮ የመውጫ ፈተና ይፈተናል። ስለ ክፍያው የወጪ መጋራት ደንብ ተማሪው ውል ፈርሞ፣ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ እንዲከፍል ያደርጋል። እንግዲህ ልዩነቱ ያለው በጉዞና በኪስ ገንዘብ ላይ ነው፤ ለጅግጅጋ አውሮፕላን አያሻም፤ በቶጎ ውጫሌ በኩል በመኪና ይደረሳል፤ አክስትም አለች።

«ስሙስ?» አሉ አባት።

ስም በሥራ ፍለጋ ጊዜ እንደሚረዳ አልካድንም። ሆኖም የችሎት ቋንቋም ይታሰብ። የሶማሌ ክልል ፍርድ ቤቶች የሚሠሩት በሶማሊኛ ነው፤ እርስዋም ከአማርኛ እኩል ትናገረዋለች። እኛ በትግርኛ አፋችንን ፈትተን በሚሲዮን ትምህርት ቤት በእንግሊዝኛ የተማርን ሰዎች፣ አንድ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ በአማርኛ አቃንተን እስክንጽፍ ስንት ጊዜ እንደተመለሰብን እናውቀዋለን።

«ለማን ልትሟገቺ ታስቢያለሽ?» ብለን ጠየቅናት።

«ለቶጎ ውጫሌ ነጋዴ ሴቶች፣ ጋሼ። ዕቃቸው ጉምሩክ ሲያዝባቸው አቤቱታ በአማርኛ ያጽፋሉ፤ ምን እንደተጻፈላቸው ግን አያነቡትም።»

አባት ዝም አሉ። ወዲያው የአዲስ አበባ መንገደኞች ተጠሩ።

«እንግዲህ ቲኬቱ ተገዝቷል» አሉና ተነሡ።

«እንየው አባባ» አለች ሻንጣውን እያነሣች፤ «ስንመለስ ግን በጅግጅጋ በኩል በመኪና እንምጣ።»