የሮማ ሐውልቶች፦ ድንጋይ ከስፍራው ሲለይ ምን ይናገራል?



ሮማን የሚጎበኝ ሰው ብዙውን ጊዜ ኮሎሲየምን፣ የቅዱስ ጴጥሮስን አደባባይና የቪላ ቦርጌዜን መናፈሻ አይቶ ይመለሳል። እኔ ዛሬ ላሳያችሁ የምሻው በእነዚህ ስፍራዎችና በአካባቢያቸው የቆሙትን የድንጋይ ዓምዶች ነው። በከተማይቱ 13 ጥንታውያን ኦቤሊስኮች ይገኛሉ። ከፊሎቹ ከግብፅ ተጭነው የመጡ፣ ከፊሎቹም ሮማውያን ራሳቸው ያስጠረቧቸው ናቸው።

በፒያሳ ዴል ፖፖሎ እንጀምር። በዚያ የቆመው ኦቤሊስክ በፈርዖን ሴቲ ቀዳማዊ ዘመን ተጀምሮ በልጁ በራምሴስ ዳግማዊ የተፈጸመ ነው። አውግስጦስ ቄሣር ግብፅን ከያዘ በኋላ ከሄልዮፖሊስ አስመጥቶ በታላቁ የሠረገላ መሽቀዳደሚያ ሜዳ፣ በሰርከስ ማክሲመስ አቆመው። ከወደቀበት ተቆፍሮ ከወጣ በኋላ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1589 በርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሲክስቶስ አምስተኛ ትእዛዝ አሁን ባለበት ተተከለ፤ በጫፉም መስቀል ቆመበት። አንድ ድንጋይ በየተራ ለፀሐይ አምልኮ፣ ለቄሣር ድልና ለቤተ ክርስቲያን ክብር ምስክር ሆነ ማለት ነው።

ከአደባባዩ በላይ የፒንቾ አትክልት ስፍራ አለ፤ ከእርሱም ወደ ቪላ ቦርጌዜ ይሻገራሉ። ይህ ሰፊ መናፈሻ በ17ኛው መቶ ዓመት የካርዲናል ሺፒዮኔ ቦርጌዜ ርስት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1903 የከተማው ሕዝብ ሀብት ሆነ። እንግዲህ የአንድ ስፍራ ትርጉም ድንጋዩ ሲነሣ ብቻ ሳይሆን በሩ ሲከፈትም ይለወጣል።

በቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ፣ በትንሽ አትክልት ውስጥ፣ ሌላ የራምሴስ ዳግማዊ ኦቤሊስክ ቆሟል። መታሰቢያነቱ እ.ኤ.አ. በ1887 በዶጋሊ በራስ አሉላ ጦር ለወደቁት ጣልያናውያን ነው። የግብፅ ድንጋይ በኢትዮጵያውያን ለተሸነፈ ጦር የኀዘን ምልክት ሆነ።

ከሁሉም ይልቅ እኛን የሚመለከተው ግን ዛሬ በሮማ የሌለው ነው። 24 ሜትር ገደማ የሚረዝመው የአክሱም ሐውልት እ.ኤ.አ. በ1937 ተወስዶ በፖርታ ካፔና አደባባይ ቆመ። ጣልያናውያን ኦቤሊስክ አሉት፤ ስያሜው ግን አይስማማውም። የግብፁ ዓምድ ጫፉ የሾለ፣ ከፀሐይ አምልኮ ጋር የተሳሰረ ነው። የአክሱሙ አናቱ የከበበ፣ በርና መስኮት የተቀረጸበት፣ ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ የሚመስል የመቃብር ምልክት ነው። ከመቃብሩ ሲለይ ሐውልትነቱ ቀርቶ ምርኮ ብቻ ሆነ።

ጣልያን በ1947ቱ የሰላም ውል ከኢትዮጵያ የወሰደችውን ቅርስ ልትመልስ ግዴታ ገብታ ነበር። ሐውልቱ ግን በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን አገሩ የገባው ከ58 ዓመት በኋላ፣ በ2005 ነው፤ በ2008 ዳግመኛ ቆመ።

አንዳንዶች የሮማ ኦቤሊስኮች ሁለት ሺህ ዓመት በዚያ ከቆዩ ወዲህ የማን ናቸው ብሎ መጠየቅ ከንቱ ነው ይላሉ። እኔ የዘመን ርዝመት ብቻውን ባለቤትነትን ያጸድቃል ብዬ አላምንም። ያን አስተሳሰብ ብንቀበል፣ ውሉን ማዘግየት ራሱ መብት ይሆን ነበር። ስለዚህ በታላላቅ ከተሞች ስትዘዋወሩ ውበቱን አድንቁ፤ ነገር ግን ማን ጠረበው፣ ማን አመጣው፣ በምን መብት ቆመ ብላችሁ ጠይቁ። ጎብኚን ከተመራማሪ የሚለየው ይህ ጥያቄ ነው።